«ሁሉን ያካተተ» የሻማ መሥሪያ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ግራሙን አስሉ

ለጀማሪ ተብለው በኢንተርኔት ከሚሸጡት የሻማ መሥሪያ ፓኬጆች ውስጥ ብዙዎቹ የተከፈለባቸውን ያህል አይሠሩም። ሰሙ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ገንዘብ የሚበላው በመዓዛውና በቀለሙ በኩል ነው።

መዓዛ የሚለካው በጠብታ ሳይሆን በክብደት ነው። ለጀማሪ ከሰሙ ክብደት 6 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ500 ግራም ሰም 30 ግራም ማለት ነው። አሁን ፓኬጁን ተመልከቱ፦ 1 ኪሎ ሰምና አንዲት የ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ብትንጠፈጠፍ እንኳ 10 ግራም ገደማ ናት፤ 1 በመቶ መሆኗ ነው። ሻማው ሲበራ ሽታው የለም፤ ገዢው ግን «አሠራሩን አላወቅሁበትም» ብሎ ዝም ይላል። ሻጩም የሚተማመነው በዚሁ ነው። «ስድስት ዓይነት መዓዛ» የሚለውም እንዳያታልላችሁ፤ እያንዳንዷ 10 ሚሊ የምትበቃው ለ160 ግራም ገደማ ሰም፣ ማለትም ለአንድ ትንሽ ብርጭቆ ሻማ ብቻ ነው።

ጎደለ ብላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። አብዛኛው ሰም ከ10 በመቶ በላይ ዘይት መያዝ ያቅተዋል። የተረፈው ላብ መስሎ ከላይ ያቸፈችፋል፣ ክሩን ያፍነዋል፣ አንዳንዴም እሳት ይይዛል።

ከመጠኑ የባሰው የጠርሙሱ ይዘት ነው። «የመዓዛ ዘይት» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በዚህ ስም አልኮል ያለበት ሽቶም፣ ለእርጥበት ማሽን የሚሆን በውሃ የሚሟሟ ፈሳሽም ይሸጣል። ሁለቱም ከሰም ጋር አይዋሃዱም፤ አልኮሉ ደግሞ በጋለ ሰም አጠገብ አደጋ ነው። አንድ ጠብታ በብርጭቆ ውሃ ላይ ጣሉ። ውሃውን እንደ ወተት ካደፈረሰው ወይም ሟሙቶ ከጠፋ ለሻማ አይሆንም። ደህና ሻጭ ፈሳሹ በስንት ዲግሪ እሳት እንደሚይዝና በሻማ ውስጥ እስከ ስንት በመቶ እንደሚፈቀድ በሰነድ ያሳያል። ስትጠይቁት ነገሩን የሚያዞር ከሆነ እለፉት።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ ሰም የሚቀበለው በዘይት የሚሟሟ ማቅለሚያ ብቻ ነው። የምግብ ቀለም ውሃ ስላለበት ከሥር ተንጠባጥቦ ይቀራል፤ ክሩ ጋ ከደረሰም እሳቱን ያንጣጣዋል። የሚያብረቀርቀው የማይካ ዱቄትም ሆነ የልጆች የሰም ቀለም ቅንጣታቸው አይሟሟም፤ ከቀለጠው ሰም ጋር ወደ ክሩ ወጥተው ይደፍኑታል፣ እሳቱም እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። ለመለየት ጥቂት ማቅለሚያ በአንድ ማንኪያ የቀለጠ ሰም ላይ አማስሉ። ከሥር ደቃቅ ከዘቀጠ ቀለሙ ለሻማ የተሠራ አይደለም።

በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ያለውን ደማቅ ቀይም አትመኑ። የአኩሪ አተር ሰም ሲረጋ ነጭና ብርሃን የማያሳልፍ ስለሆነ ቀዩን ሮዝ ያደርገዋል። ለ100 ግራም ሰም በ1 ወይም 2 ጠብታ ፈሳሽ ማቅለሚያ ጀምሩ፤ ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ትንሽ አንጠባጥቡና እስኪረጋ ጠብቁ። ትክክለኛው ቀለም የሚታየው ያኔ ነው። ቫኒላ ያለበት መዓዛ ደግሞ ነጩን ሻማ ከቀን ወደ ቀን ያጠይመዋል፤ ይህ የማንም ማጭበርበር አይደለም፣ የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው የቫኒሊን ጠባይ ነው።

ከፓኬጁ ጋር የሚመጣው መመሪያ «ሰሙ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ጠብታ መዓዛ ጨምሩ» ካለ ወደ ጎን ተዉት። የአኩሪ አተር ሰም የሚቀልጠው በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ነው እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ ተጥዶ አይደለም። 80 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ መጀመሪያ ቀለሙ ገብቶ ይሟሟል፤ ቀጥሎ መዓዛው ይገባና ለ2 ደቂቃ በዝግታ ይማሰላል። ሰሙ ከቀዘቀዘ በኋላ የገባ መዓዛ በደንብ ሳይዋሃድ ይቀራል።

ክሩስ? አንድ መጠን ያለው ክር ለሁሉም ብርጭቆ አይሆንም። ቀለምና መዓዛ ሲጨመር አነዳደዱም ስለሚለወጥ ወፈር ያለ ክር ሊያስፈልግ ይችላል። ለጌጥ ተብሎ የሚታሸገውን ደረቅ አበባና ብልጭልጭ ግን ሻማው ውስጥ አታስገቡ፤ አበባው ሁለተኛ ክር ሆኖ ይነዳል። ሰም እሳት ከያዘ ክዳን ግጠሙበት፣ ውሃ በፍጹም አታፍስሱበት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የአኩሪ አተር ሻማ መዓዛው የሚለየው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የመመለሻ ጊዜው ሊያልፍባችሁ ይችላል። ስለዚህ የውሃውንና የማንኪያውን ሙከራ ዕቃው በደረሰበት ቀን ሥሩ፣ ጠርሙሱንም በሚዛን መዝኑ፣ ፎቶ አንሡ። ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ፓኬጁን ትታችሁ የግራም ሚዛን፣ አንድ ማቅለሚያና ለሻማ መሆኑ የተጻፈበት አንድ የመዓዛ ዘይት ለየብቻ ግዙ፤ ዘይቱ ለሰማችሁ 6 በመቶ የሚበቃ ይሁን።