«የሠራዊት ዕቃ» ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ

ይህን የምጽፈው የዘጠኝ ዓመት ልጄ እጁ ከመቃጠል ለጥቂት ስለተረፈ ነው። የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ሙቀት ሲገባ እኛ አበሾችም ልጆቻችንን ይዘን ጫካና ሐይቅ ዳር መውጣት ለምደናል። ርካሽና ጠንካራ የካምፒንግ ማብሰያ የምትፈልጉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ግዙ።

እኔ የፈለግኩት የስዊድን ሠራዊት የድሮ ማብሰያ ነበር። ለማያውቀው ልንገረው። ድስት አለው፤ ክዳኑ ሲገለበጥ መጥበሻ ይሆናል። የንፋስ መከለያ፣ ከናስ የተሠራች ትንሽ የስፒሪት (የሚነድ አልኮል) ማንደጃ እና የስፒሪት ጠርሙስ አለው። ሁሉም አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ በማሰሪያ ይታሰራል። ከአሉሚኒየም የተሠራ አለ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራም አለ። ሠራዊቱ ሲያስወግደው በትርፍ ዕቃ ነጋዴዎች በኩል ወደ ገበያ ወጣ። ጥንካሬው በጣም ስለተወደደ ስሙ ከስዊድን ውጭም ገነነ። አስመሳዩም የመጣው በዚሁ ስም ነው።

ያገኘሁት ኢንተርኔት ላይ ነው። 650 ክሮነር ከፈልኩ። ትንሽ ብጨምርበት አዲስ ዕቃ ከታወቀ አምራች ከነዋስትናው እገዛ ነበር። ማስታወቂያው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ዕቃው መሀል ተቀምጧል፣ ከላይ በትልቁ «የሠራዊት ሞዴል» ተብሎ ተጽፏል። እኔ «የሠራዊት» የሚለውን አነበብኩና «ሞዴል» የሚለውን ዘለልኩት። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው። «ሞዴል»፣ «ዓይነት»፣ «ስታይል» ከተባለ ዕቃው ከሠራዊት መጋዘን ወጥቷል ማለት አይደለም። ሻጩ በጽሑፍ አልዋሸም፤ እኛ በተሳሳተ መንገድ እንድናነበው አድርጎ ነው የጻፈው። ይሄ ደግሞ ያናድዳል።

ቅዳሜ ቀን ሐይቅ ዳር ወጣን። ሰባት ነበርን። ሽሮ ልንሠራ ውሃ ጣድን። ፀሐዩ ግንባር ያቃጥላል። ትንሽ ቆይቶ ልጄ «እማዬ፣ ጠፍቷል እኮ» አለኝና እጁን ወደ ማንደጃዋ ሰደደ። አልጠፋም ነበር። የስፒሪት ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። እጁን ይዤ ወደኋላ ሳብኩት። ያኔ ነው ከመከለያው ውጭ ያለው ሣር ሲጠቁር ያየሁት። ነበልባል የለም፣ ጭስ የለም፣ ሣሩ ብቻ ዝም ብሎ ይጠቁራል። ማንደጃዋ በመጋጠሚያዋ በኩል ስፒሪት ታፈስ ነበር፤ እሳቱም የፈሰሰውን ተከትሎ እየሄደ ነበር። እህቴ ለእጅ መታጠቢያ ያመጣነውን አምስት ሊትር ውሃ ደፋችበት። እግዚአብሔር ይመስገን ጠፋ። ስፒሪት ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ በውሃ ይጠፋል፤ ዘይት ቢሆን ኖሮ ውሃው ያባብሰው ነበር።

ከዚህ ከተማ ብዙ በማይርቀው በቲሬስታ ብሔራዊ ፓርክ በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 450 ሄክታር ገደማ ደን ተቃጥሏል። ሌሊቱን ይሄ ሲመላለስብኝ አደረ።

በማግስቱ ዕቃውን ለአንድ ጎረቤታችን ለሆኑ አባት አሳየኋቸው። አገር ቤት ሳሉ ወታደር ነበሩ። ድስቱን ተቀብለው ምንም ሳይናገሩ ገለበጡት። በጥፍራቸው ሥሩን ዳበሱት። «ልጄ፣ የመንግሥት ዕቃ ምልክት አለው። የዚህ ምልክቱ የታለ?» አሉኝ። አልነበረውም። የስዊድን ሠራዊት ዕቃ ላይ የአገሪቱ አርማ የሆኑት ሦስት ዘውዶች ታትመው ይገኛሉ፤ የአምራች ምልክት ወይም ዓመተ ምህረት ያለበትም ብዙ ነው። የእኔው ሥሩ ልሙጥ ነው። ከዚያ ጎኑን በሁለት ጣታቸው ሲጫኑት ገባ። የወታደር ድስት በጣት አይገባም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የሥሩን፣ የእጀታውን መጋጠሚያ እና የማንደጃውን ክዳን ፎቶ ጠይቁ። ዘውዱ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ማተም ማንም ይችላል። እውነተኛ አሮጌ ዕቃ ጭረት አለው፣ እጀታው በመታጠፍ ብዛት ተሞርዷል፣ ክብደትም አለው። ሁሉም ነገር አዲስ ሆኖ «ጥቅም ላይ የዋለ» ከተባላችሁ ጠርጥሩ። በእጃችሁ ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ ማንደጃው ውስጥ ውሃ ሙሉበትና ደረቅ ወረቀት ላይ አሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ከራሰ ስፒሪት አይግባበት። እኔ ይህን ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ የዚያ ቀን ነገር ባልመጣ ነበር። የክዳኑን የጎማ ቀለበትም እዩ፤ ከተሰነጠቀ ቦርሳችሁ ውስጥ ያፈሳል። ማንደጃው ትኩስ እያለ ክዳኑን አትክደኑት፣ ጎማው ይቀልጣል።

ከሁሉ በላይ ግን እሳቱ ጠፍቷል ብላችሁ ስፒሪት አትጨምሩ። ቀን ላይ በዓይን አይታወቅም። አውርዱት፣ ይቀዝቅዝ፣ በእጃችሁ ስትነኩት ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ሙሉ። አንድ ሙሊት 25 ደቂቃ ገደማ ስለሚነድ ለአንድ ሊትር ውሃ በቂ ነው። ስፒሪቱ ላይ አሥር በመቶ ያህል ውሃ ብትጨምሩ ድስቱ ላይ የሚቀረው ጥላሸት ይቀንሳል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ በፍጹም አታብስሉ። የከሰል ጭስ የስንት ሰው ቤት እንደዘጋ እናውቃለን፤ ይሄም በታፈነ ቦታ ያንኑ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያወጣል።

ወጥ ለምትሠሩ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራውን ምረጡ። ይከብዳል፣ ግን ቲማቲምና ሎሚ አሉሚኒየምን ይበላሉ። አሉሚኒየሙ ለውሃና ለሻይ ጥሩ ነው፤ ወጥ ግን አይሠራበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሻጩ መጀመሪያ «የሠራዊት ትርፍ ዕቃ ነው፣ ያገለገለ ነው፣ አይመለስም» ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛ ስጽፍለት የውሃ ሽታ ሆነ። እንዲህ ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ አትተዉት። እዚህ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከነጋዴ በኢንተርኔት ስትገዙ ዕቃው ከደረሳችሁ ጀምሮ 14 ቀን ሐሳብ የመቀየር መብት አላችሁ፤ ያገለገለ ዕቃም ቢሆን። ጉድለት ካለው ደግሞ ስዊድን ውስጥ እስከ ሦስት ዓመት ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጉድለቱ ሲሸጥ እንዳልነበረ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። እኔ የጠቆረውን ሣር፣ የሚያፈሰውን መጋጠሚያ እና የማስታወቂያውን ገጽ ፎቶ አንስቼ በጽሑፍ ላክሁለት። ካልመለስክ ጉዳዩን ወደ አገር አቀፉ የሸማቾች ቅሬታ ቦርድ እወስደዋለሁ አልኩት። ቦርዱ ገንዘብ አያስከፍልም። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ሻጩ ነጋዴ ሲሆን ነው። ከግለሰብ ስትገዙ መብታችሁ በጣም ይጠብባል፤ ስለዚህ ከግለሰብ ከሆነ ዕቃውን በእጃችሁ ሳትይዙ አትክፈሉ።

ከ12 ቀን በኋላ 650 ክሮነሬ ተመለሰ። ማስታወቂያው ግን እስከ ትናንት ማታ ድረስ አልወረደም። ያው አረንጓዴ ጨርቅ፣ ያው ዋጋ። ሁሉም ፎቶ የተነሣው ከላይ ነው፤ ሥሩን የሚያሳይ አንድም የለም።