ቦረና ወይስ ደቡብ ኦሞ?

ሁለቱም ከኬንያ ጋር ይዋሰናሉ፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ሩቅ ናቸው። ጊዜና ብር የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ወደ ቦረና አደላለሁ።

ምክንያቴ ኤል ሶድ ነው። በሞያሌው አስፋልት ዱብሉቅ ደርሰው ገባ ሲሉ፣ ከእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ግርጌ የተኛ ጥቁር የጨው ሐይቅ ያገኛሉ። ወንዶቹ አፍንጫና ጆሯቸውን ደፍነው ይጠልቃሉ፤ ጨው ያዘለ ጭቃ ዝቀው ይወጣሉ። ጨውን አቀበቱን ተሸክሞ የሚወጣው አህያ ነው። መውረዱ ቀላል ነው፤ ሲመለሱ ግን ጉልበት ይፈትናል። በበጋ ከሄዱ ደግሞ የቱላ ኤላዎች፣ ማለትም ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ አሉ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃ በባልዲ ይቀባበላሉ። የገዳ ሥርዓትም በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይሸጋገራል።

ደቡብ ኦሞ በብሔረሰብ ብዛት ይበልጣል። ሐመር፣ ዳሰነች፣ ካሮ፣ ሙርሲ... ሁሉም በአንድ ጉዞ። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግን በጥንት ሰው ቅሪተ አካል ነው። የቱርሚን የሰኞ ገበያ አያምልጥዎ። ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ስላላት መንገድ ለሰለቸው ይመቻል። የማልወደው የፎቶ ክፍያውን ድርድር ነው፤ ሰው ሰውን ሳያወራ ካሜራና ብር ይነጋገራሉ። ለሐመሮቹ የከብት ዝላይ ሥነ ሥርዓት ከሆነ የሚሄዱት፣ አስጎብኚው ቀኑን አስቀድሞ ያጣራ።