ጂፕ ላላችሁ የአውሮራና የዴንቨር ልጆች፦ እኚህን ሰው ሳታዩ የስኪና የብስክሌት መጫኛ እንዳትገዙ

ይህ ምስጋና ነው። ጥቆማም ነው። በተለይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ተራራ የምትወጡ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የእኔ መኪና ጣሪያው ሸራ የሆነ ጂፕ ራንግለር ነው። ሸራ ላይ ፖርቶመጋላ አይታሰርም። ወንዱ ልጄ ያለ ስኪ፣ ሴቷ ያለ ብስክሌት ቅዳሜ ቅዳሜ አይመስላቸውም። ኮሎራዶ ደግሞ ሚያዝያ ሲገባ ከተማው ፀሐይ፣ ተራራው ገና በረዶ ነው። ሁለቱንም ይዞ መውጣት ግድ ይላል። የቀረን ቦታ የኋላ በር ላይ የተሰቀለው ስኮርታ ጎማ ብቻ ነበር። እሱ ላይ የሚታሰር መጫኛ እንዳለ ስሰማ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ "ለሁሉም ጂፕ ይሆናል" አሉኝ። ወጥቶ መኪናዬን ያየ ሰው የለም። ጎማዬ ከፋብሪካ ከሚመጣው ስለሚበልጥ አልገጥም አለ። ልመልስ ስል ካርቶኑ ተከፍቷል ብለው ከገንዘቤ ቆረጡ። ሌላው ቦታ የባሰ ነበር። ገጠሙልኝ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ወደ ተራራው በሚወስደው አውራ ጎዳና በአይ-70 ላይ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስንወጣ አንድ ሹፌር ክላክስ እያደረገ በእጁ ወደ ኋላ ያሳየኛል። ዳር ይዤ ወርጄ ሳይ መጫኛው ላልቶ ከነብስክሌቶቹ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ያ መንገድ ወደ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወጣ ነው። ከባድ መኪናው አይጣል ነው። ቢወድቅ ከኋላ የሚመጣው ቤተሰብ ላይ ነበር። ተመልሼ ስነግራቸው "አብዝተሽ ጭነሽ ነው" አሉኝ። ሁለት ብስክሌት! ይቅርታ የሚል አንደበት እንኳን ጠፋ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጋሼን የጠቆመችኝ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ እህቴ ናት። ሃቫና መንገድ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለለመኑኝ አልጽፈውም። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ስለ ዋጋ አልጀመሩም። "መጀመሪያ በሩን ልየው" አሉ። የኋላውን በር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። ስኮርታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁ። ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በሩ ማጠፊያ ላይ እንደሆነ፣ የእኔ ጎማ ደግሞ ገና ምንም ሳይጫንበት ከባድ እንደሆነ ነገሩኝ። "ልጄ፣ ትልቁን አልሸጥልሽም። በሩ አይችለውም። ሁለት የሚይዘው ቀለል ያለው ይበቃሻል።" ውዱን ትተው ርካሹን! የስኪው መያዣም እዚያው የብስክሌቱ ክንዶች ላይ የሚገባ ስለሆነ ሌላ መጫኛ አላስገዙኝም። ስለ ቡሎኑና ስለ ብረቱ ብዙ አስረድተውኛል፣ የገባኝ ጥቂቱ ነው። እኔ የማውቀው ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አለማለቱን ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለአንድ ነገር ነው። ሥራው አልቆ ልከፍል ስል "ቆይ" ብለው ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የእኔ ራንግለር የኋላ ካሜራ ያለው ስኮርታው መሃል ላይ ነው። ብስክሌቶቹን ጫኑና "ምን ይታይሻል?" አሉኝ። ሰንሰለትና ፔዳል ብቻ። ከዚያ ልጄን ጠርተው ከመኪናው ኋላ አቆሙት። "አሁንስ?" ልጄ የለም። ስክሪኑ ላይ የለም፣ በስፖኪዮም የለም። "ይህ በተጫነ ቁጥር፣ ወደ ኋላ ከመሄድሽ በፊት ወርደሽ እዪ። በካሜራው አትተማመኚ" አሉኝ። ሆዴ ተላወሰ። ከእሳቸው በፊት ይህን የነገረኝ አንድም ሰው የለም። የሚሸጥ ሞልቷል፣ ለሰው ልጅ የሚጨነቅ ግን ስንት አለ?

የፍሬን መብራቱና ታርጋው እንዳይሸፈኑም ዞረው አዩ። "ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ተመለሺ፣ ቡሎን ይላላል" አሉኝ። ተመለስኩ። አጠበቁልኝ። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። በዚያው የጎማዬን ጥርስ ለክተው ለክረምት እንደማይበቃ ነገሩኝ። አይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ የጎማ ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን እንዳለበት ሕግ አለ። ብዙዎቻችን አናውቀውም።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጭነቱን ዞሮ ሳያይ፣ ገመዱን በእጁ ሳይስብ ሞተር አያስነሳም። እኛ ልጆቹ ቸኩለን "አባዬ፣ እንሂድ!" እንለው ነበር። እሱ አይቸኩልም። ጋሼ መኪናዬን ሲዞሩት ሳይ አባቴ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። ነፍሱን ይማርልኝ።

እባካችሁ ወገኖቼ፣ ወደ እሳቸው ሂዱ። መጫኛ ባትፈልጉም፣ ያላችሁን እንዲያዩላችሁ ሂዱ። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛባቸው በሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል። መኪናውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ ዋጋ አይናገሩም። አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልካለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።