የሎጎ አኒሜሽን ለምታሠሩ ነጋዴዎች፦ ከመክፈላችሁ በፊት የፕሮጀክት ፋይሉን ጠይቁ

በደብረ ብርሃን ከተማ የመንዝ በግ ሱፍ ባናና በርኖስ የምንሸጥ ቤተሰብ ነን። ባለፈው ጥቅምት፣ በማስታወቂያ ቪዲዮዎቻችን መክፈቻ ላይ የሱቃችን ሎጎ እየተንቀሳቀሰ የሚገለጥበትን አጭር አኒሜሽን እንዲሠራልን ከአንድ ባለሙያ ጋር በ12,000 ብር ተስማምተን ግማሹን በቴሌብር አስቀድመን ከፈልን። ስሙን የማልጠቅሰው ዓላማዬ ሰው ማዋረድ ሳይሆን ሌላው ነጋዴ በዚሁ መንገድ ገንዘቡን እንዳያጣ ማስጠንቀቅ በመሆኑ ነው።

የጠየቅነው ግልጽ ነበር። የሱፍ ክር እየተፈተለ ሄዶ የበጉን ቀንድ እንዲሠራ፣ ከዚያም የሱቁ ስም ፊደል በፊደል እንዲወጣ ነገርነው፤ እሱም «ከዜሮ ተነሥቼ ለእናንተ ብቻ ነው የምሠራው» ብሎ ቃል ገባ። ከ10 ቀን በኋላ የላከልን የ8 ሰከንድ ቪዲዮ ግን ክርም ቀንድም የሌለበት፣ የወርቅ ብናኝ ተበትኖ ሲሰበሰብ ሎጎው ብቅ የሚልበት ነበር። በስልክ ስክሪን ላይ አምሮ ስለታየን ቀሪውን 6,000 ብር ቸኩለን ከፈልን። በኮምፒውተር ስንከፍተው የፊደሎቹ ጠርዝ ተሸራርፎ አገኘነው፤ ቢሰፋ ጥራቱ የማይቀንሰውን የኢሉስትሬተር ፋይል ሰጥተነው ሳለ፣ በቴሌግራም የላክንለትን ፎቶ ቆርጦ ተጠቅሟል። ከሁሉ ያሳዘነኝ ድምፁ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሳዳምጠው ከሙዚቃው ሥር «ኦዲዮጃንግል» የሚል የሰው ድምፅ ይሰማል። ይህ ቃል በዚሁ ስም የሚጠራው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ገና ባልተገዙ ናሙናዎች ላይ የሚያስገባው መለያ ነው፤ ስለዚህ የከፈልንበት ሙዚቃ ጭራሽ አልተገዛም ማለት ነው።

በጥር ወር ሸዋ ሮቢት ለዘመድ ሠርግ ወርደን ሳለ፣ የሠርጉ ቪዲዮ ሲከፈት ያው ብናኝ በያው አቅጣጫ ተበትኖ፣ በያው ብልጭታ የቪዲዮ ቤቱን ስም አወጣ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አፍተር ኢፌክትስ ለተባለው የአዶቢ ሶፍትዌር የተዘጋጁ ቴምፕሌቶች (አስቀድመው የተሠሩ ዝግጁ አኒሜሽኖች) በኢንተርኔት ይሸጣሉ፤ ገዢው በተተወለት ቦታ ሎጎውን አስገብቶ፣ ጽሑፉን ቀይሮ ሬንደር ማድረግ (ወደ ተጠናቀቀ ቪዲዮ መለወጥ) ብቻ ይቀረዋል። በቴምፕሌት መሥራት በራሱ ነውር አይደለም፤ አቅሙ ለማይፈቅድ ሱቅ እንዲያውም ጥሩ አማራጭ ነው። ነውሩ ይህን ደብቆ የፈጠራ ሥራ ዋጋ ማስከፈል ነው።

ስለዚህ ውል ስትገቡ፣ ሥራው በቴምፕሌት ይሁን ከመነሻው የሚሠራ በጽሑፍ አስፍሩ። ከመነሻው ከሆነ አስቀድሞ በእርሳስም ቢሆን የትዕይንቱን ቅደም ተከተል ስሎ እንዲያሳያችሁ፣ በመጨረሻም የፕሮጀክት ፋይሉን (አኒሜሽኑ የተሠራበትን፣ ሊስተካከል የሚችለውን ዋና ፋይል) በፊታችሁ ከፍቶ አንድ ቀለም ወይም አንድ እንቅስቃሴ እንዲቀይር ጠይቁት። ቴምፕሌት ከሆነ የቴምፕሌቱንና የሙዚቃውን የፈቃድ ደረሰኝ ተቀበሉ።

የፋይሉንም ዓይነት አትርሱ። እኛ የተረከብነው ኤች 264 በተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት የተጨመቀ ኤምፒ4 ብቻ ነው፤ ይህ ዓይነት ቪዲዮ ግልጽ ዳራ (ከሎጎው ኋላ ያለውን ምስል የሚያሳልፍ ባዶ ጀርባ) ስለማይዝ፣ ሎጎውን በባናችን ምስል ላይ ልናሳርፈው ስንል ጥቁሩ ሳጥን አብሮት መጣ። እንደ ፕሮሬስ 4444 ያለ ግልጽ ዳራ የሚይዝ ቅጂ፣ ለዩቲዩብ 1920 በ1080 ፒክስል፣ ለቲክቶክ ደግሞ የቆመው 1080 በ1920 ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ይግቡ። እኛ ይህን ሳንነጋገር በመቅረታችን ለቆመው ብቻ ተጨማሪ 4,000 ብር ተጠየቅን፤ የፕሮጀክት ፋይሉን ስንጠይቀው «አልሰጥም» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሣም።

ቪዲዮውን ከገጾቻችን ሁሉ አውርደነዋል። ተመሳሳይ ሥራ ተረክቦ ማነጻጸር የሚፈልግ ነጋዴ ካለ ግን ፋይሉ በእጃችን ስለሚገኝ፣ ወደ ሱቃችን ጎራ ቢል ከነድምፁ እናሳየዋለን።