ነዳጅ አልባ ጀነሬተር ነው ለሚሏችሁ ሳጥን ቀብድ አትክፈሉ

ወገኖቼ፣ በገበያ ቀን ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በአማኑኤልና በደንበጫ አድርጎ እስከ ቡሬ ድረስ በአይሱዙ ተጭኖ የሚዞር አንድ ሳጥን አለ። ቁመቱ እስከ ወገብ ይደርሳል፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ ፊቱ ላይ «5 ኪሎዋት» የሚል ተለጥፎበታል። ሻጮቹ ናፍጣ አይጠጣም፣ ፀሐይ አይፈልግም፣ ራሱን በራሱ እየሞላ ዕድሜ ልክ መብራት ይሰጣል ይላሉ። የሚጠይቁት የጥማድ በሬ ዋጋ ነው፤ ግማሹን በቀብድ፣ ግማሹን ዕቃው ቤት ሲደርስ። ይህን የምጽፈው ማንም ሰው ለዚህ ነገር አምስት ሳንቲም እንዳያወጣ ነው።

ሥራዬ ሞተር መጠቅለልና ዲናሞ መጠገን ነው። ከሳጥኖቹ አንዱን የገዛ የወፍጮ ቤት ባለቤት በጋሪ አስጭኖ ፍኖተ ሰላም ካለው ሱቄ አመጣው። «ወንድምዓለም፣ አንድ ገመድ ላልቶ ይሆናል እንጂ መጀመሪያ ላይስ ሠርቶ ነበር፤ እስቲ እየው» አለኝ። ለጥቂት ማታ አምፖል አብርቶለት ከዚያ ቀጥ ብሏል። ወፍጮውንማ ከመጀመሪያውም አላንቀሳቀሰለትም፤ «ገና እየሞላ ነው፣ ታገሥ» ብለውት ነበር።

ክዳኑን ፈትቼ ሳነሳው ግርጌው ላይ የመኪና ባትሪ ተቀምጧል። አሮጌ ነው። አዲስ እንዲመስል ጥቁር ቀለም ቀብተውታል፤ ቀለሙን በጥፍሬ ስፍቀው የድሮው ጽሑፍ ብቅ አለ። አጠገቡ ርካሽ ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኤሌክትሪክ እንደ ቤት መብራት ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ ዕቃ፣ አለ። መሃል ላይ ትንሽ ሞተር በቺንጋ አንድ ዲናሞ ያዞራል፤ ከዲናሞው ዘንግ ላይ ከባድ ቮላኖ፣ ማለትም የሚሽከረከር የብረት ዲስክ፣ ታስሯል። ሲሽከረከር ድምፁም መልኩም ያሳምናል። ከዲናሞው የሚወጡትን ሁለት ገመዶች በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ጫፋቸው በናስትሮ ተጠቅልሎ ከባትሪው ኋላ ተወሽቋል። ከምንም ጋር አልተያያዙም። ዲናሞው የሚዞረው ለዓይን ነው። አምፖሉን የሚያበራው ባትሪው ነው፤ ባትሪውን ደግሞ ሻጮቹ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ከመስመር መብራት ሞልተውታል።

ሰውየው ገመዶቹን አገላብጦ አያቸውና «ታዲያ አንድ ማታ የተሞላ ባትሪ ነው በጥማድ በሬ የገዛሁት?» አለ። አዎ፣ እሱን ነው የገዛው።

የገበያው ትርኢት ለምን እንደሚያሳምን በቁጥር ላሳያችሁ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ጥግ ድረስ ሲሞላ 12 ሲባዛ በ100፣ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ይህም 1200 ዋት ለአንድ ሰዓት ማለት ነው። ሻጮቹ የሚሰቅሉት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ነው፤ 6 ቢሰቅሉ 54 ዋት ነው። ሞተሩ ቮላኖውን ለማዞር ሌላ 150 ዋት ያህል ቢበላ ድምሩ 200 ዋት ገደማ ይሆናል። 1200ን ለ200 ብታካፍሉት 6 ሰዓት ይመጣል፤ ገበያው እስኪበተን በቂ ነው። ስለዚህ «ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ አይቻለሁ፣ አልጠፋም» የሚሉ ሰዎች አልዋሹም፤ ያላዩት ውስጥ ያለውን ባትሪ ነው። በዚያው ሳጥን ላይ የእንጀራ ምጣድ ቢሰካ ግን ነገሩ ወዲያው ይለያል። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጠይቃል፤ ኢንቨርተሩ ጮኾ ይዘጋል። የወፍጮ ሞተር 10 ኪሎዋት ቢሆን፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ አራግፎ ቢሰጥ እንኳ 7 ደቂቃ ያህል ነው የሚያቆየው።

ቴስተር አውጥተው 220 ያሳዩዋችኋል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ቮልት ብቻውን ጉልበት አይደለም። ጭነት ሳይኖርበት 220 ማሳየት ለማንኛውም ኢንቨርተር ቀላል ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ጭነት ሲሰካበት ስንት አምፔር፣ ለስንት ሰዓት ይሰጣል የሚለው ነው።

«የዲናሞው ገመዶች ከባትሪው ጋር ቢገናኙስ ኖሮ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ሰው አንስቶብኛል፣ በተለይ ወጣቶቹ ቴክኒሻኖች። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልሱም እዚሁ ጠረጴዛ ላይ የሚለካ ነው። ለትንሽ ሞተር 1000 ዋት ብትሰጡት፣ ደህና የሚባለው 800 ያህሉን ዘንጉ ላይ ያወጣል፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፤ ሞተሩን በእጃችሁ ስትነኩት የሚያቃጥላችሁ እሱ ነው። ቺንጋው ጥቂት ይበላል። ዲናሞው ከደረሰው ላይ ከመቶ 75 እጁን ቢመልስ በመጨረሻ የሚወጣው 600 ዋት አይሞላም። ሞተሩ 1000 ይፈልጋል፣ ተመልሶ የሚመጣለት ከ600 በታች ነው። ለአምፖል የሚተርፍ ይቅርና የጎደለውን ባትሪው እየሞላ ይደክማል። ውሃን ከእንስራ ወደ እንስራ ስትገለብጡት የሚፈሰው ይፈሳል እንጂ አይበዛም፣ ይህም እንደዚያው ነው። ፑሊ መቀየር፣ ኩሽኔታ መለወጥ፣ ቺንጋ ማስተካከል ኪሳራውን ይቀንሰዋል፤ ወደ ትርፍ ግን አይለውጠውም።

ቮላኖው ነው ምሥጢሩ የሚሉም አሉ። እሱንም እናስላው። 50 ኪሎ የሚመዝን፣ ከዳር እስከ ዳር 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን የብረት ዲስክ በደቂቃ 1500 ዙር ሲሽከረከር የሚይዘው ጉልበት 19 ሺህ ጁል ገደማ ነው፤ አንድ ጁል አንድ ዋት ለአንድ ሰከንድ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ 1000 ዋት የሚበላ ስቶቭ ሲሰካበት ግን 20 ሰከንድ አይሞላም። ያንንም ቢሆን መጀመሪያ ያስቀመጠበት ሞተሩ ነው። ቮላኖ ዙሩ እንዳይወላከፍ ያደርጋል፣ ድንገተኛ ጭነት ሲመጣ ለአፍታ ያግዛል፣ አያመነጭም። ማግኔትም ያው ነው፤ ሲጠጋ የሰጠውን ጉልበት ሲርቅ ይወስደዋል።

አንድ ጎበዝ ልጅ ደግሞ «ዓባይስ ያለ ነዳጅ ያመነጭ የለም እንዴ?» ብሎ ሞገተኝ። ይህን ክርክር ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩን ከሥሩ ያስይዛል። ጢስ ዓባይ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረውና 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ፣ በ2025 የተመረቀው ሕዳሴም፣ ሁሉም የሚሠሩት ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ውሃ ነው። ያንን ውሃ ከባሕር አንስታ፣ በዝናብ አድርጋ መልሳ ጮቄ ላይና ሰከላ ላይ የምታፈሰው ፀሐይ ናት። ጉልበቱ የሚገባበት በር በግልጽ ይታወቃል። የፀሐይ ፓኔልም፣ ነፋስም፣ ባዮጋዝም በራቸው ይታወቃል። ለሳጥኑ ሻጮች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ በየት ገባ? እስካሁን የሰጡኝ መልስ «የቴስላ ምሥጢር ነው፣ ትላልቅ ኩባንያዎች ደብቀውት ነው» የሚል ነው።

የኒኮላ ቴስላ ትልቁ ሥራ አልተደበቀም። በየቤታችን የሚገባው ተለዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራበት መንገድና እኔ በየቀኑ የምጠቀልለው ኢንዳክሽን ሞተር የሱ አሻራ ያለባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 ኒው ዮርክ አቅራቢያ ያስጀመረው ግንብም መልእክትና ኤሌክትሪክ ያለ ሽቦ ለማስተላለፍ ያሰበው እንጂ ከባዶ የሚያመነጭ አልነበረም።

ማታለሉ ግን ከቴስላም በፊት የነበረ ነው። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ እንዲህ ያለ «ራሱን የሚያንቀሳቅስ» ማሽን አቅርበናል የሚሉ ሰዎች ቢበዙበት በ1775 ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ ዘግቷል። በ1812 ደግሞ ቻርልስ ሬድሄፈር የሚባል ሰው በፊላደልፊያ፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ እንዲህ ያለውን ማሽን ለሕዝብ ያሳይ ነበር። በእንፋሎት ጀልባው የሚታወቀው መሐንዲስ ሮበርት ፉልተን በ1813 ሊያየው ሄደ። ማሽኑን ከማየቱ በፊት ሰማው፤ ዙሩ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። በእጅ የሚዞር ማዞሪያ እንደዚያ እንደሚል ያውቃል። ማሽኑን ከግድግዳ ጋር ያያያዙትን ጣውላዎች ሲያስነቅል ከአንጀት የተሠራ ቀጭን ገመድ ወጣ። ገመዱን ተከትለው ወደ ላይኛው ክፍል ሲወጡ፣ እንደሚተረከው፣ አንድ ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ በአንድ እጁ ዳቦ ይዞ እየበላ በሌላው ማዞሪያውን ሲያዞር አገኙት። ከሬድሄፈር ጣውላ እስከ እኔ ሱቅ የመጣው ናስትሮ ድረስ ሥራው አንድ ነው፤ የሚታየው አይሠራም፣ የሚሠራው አይታይም።

ባጃጅና ሚኒባስ ላይ ተገጥሞ «በውሃ ያስኬዳል» የሚባለውን ዕቃም እዚሁ ላይ ጨምሩት። ውሃን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አድርጎ ለመለየት የሚወጣው ጉልበት ሲቃጠሉ ከሚመለሰው ያነሰ አይሆንም፤ ያንን የሚከፍለው የመኪናችሁ ዲናሞ፣ ማለትም ቤንዚናችሁ ነው። በውሃ የሚሄድ መኪና ሠራሁ ያለው አሜሪካዊ ስታንሊ ሜየር ገንዘብ ያዋሉበት ሰዎች ከሰውት እ.ኤ.አ. በ1996 የኦሃዮ ፍርድ ቤት አጭበርብሯል ብሎ ገንዘባቸውን እንዲመልስ ወስኖበታል።

ሙከራን እየተቃወምኩ አይደለም። በየጋራዡ ከወዳደቀ ብረት ነፋስ ማመንጫ የሚሠሩ፣ ከወንዝ ዳር ትንሽ ተርባይን የሚሞክሩ ልጆች አሉን፤ እጃቸውን ይባርክልኝ። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኒውማንም ከሚገባበት በላይ የሚያወጣ ማሽን ሠርቻለሁ ብሎ ለዓመታት ተከራክሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የሀገሪቱ የደረጃዎች ቢሮ ማሽኑን ተቀብሎ ለካው፣ በተለካበት ሁኔታ ሁሉ የሚገባው ከሚወጣው በልጦ ተገኘ። ክርክር የሚያልቀው እንዲህ በመለካት ነው። የሚሞክርና የሚሸጥ ሰው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው፤ ሞካሪው ክዳኑን ከፍቶ «እስቲ ስህተቴን አሳየኝ» ይላችኋል፣ ሻጩ «ክዳኑን ከነካችሁ ዋስትናው ይፈርሳል» ይላል።

ስለዚህ ሻጩ ደጃችሁ ቢመጣ ክዳኑን ይክፈት። ሳጥኑ ራሱን የሚሞላ ከሆነ ባትሪው ለማስነሻ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ከተነሳ በኋላ ባትሪውን ነቅሎ በፊታችሁ ያውጣ። ከዚያ 1000 ዋት ስቶቭ ሰክታችሁ በናንተ ቤት፣ በናንተ ጥበቃ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይሥራ። «5 ኪሎዋት» ለተጻፈበት ዕቃ ይህ ከአምስት እጅ አንዱ ነው፣ ከባድ ጥያቄ አይደለም። እምቢ ካለ ሸኙት። ፈቃዱን፣ ሱቁ ያለበትን፣ በስሙ የሚቆረጥ ደረሰኝ ጠይቁ። በስልክ ቁጥርና በአይሱዙ ታርጋ ብቻ የሚታወቅ ሰው ቀብድ ወስዶ ከተሰወረ የት ታገኙታላችሁ?

ገንዘቡ ካላችሁ የሚሠራ ነገር አለ። 100 ዋት የፀሐይ ፓኔል በጥሩ ቀን ከ400 እስከ 500 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ለቤት አምፖል፣ ለስልክና ለሬዲዮ ይበቃል። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲዘጋ ይቀንሳል፤ ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ ራሳችሁ ቁጠሩት። ፓኔልም ላይ ማጭበርበር አለ፤ አንድ ካሬ ሜትር ጥሩ ፓኔል 200 ዋት ገደማ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ የትሪ ስፋት ኖሮት «300 ዋት» የተጻፈበትን አትግዙ። ከብት ያለው ሰው ደግሞ የባዮጋዝ ጉድጓድ ያስቆፍር፤ እበቱ ጋዝ ከሰጠ በኋላ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ወፍጮ ግን በእነዚህ በትንንሾቹ አይዞርም፤ ለወፍጮ ወይ መስመር፣ ወይ ናፍጣ፣ ወይ ትልቅ የሶላር ተከላ ነው የሚያስፈልገው።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ደረሰኝ ባይኖራችሁም የባንክ ማስተላለፊያችሁን፣ የሻጩን መልእክት፣ የሳጥኑን ፎቶ ይዛችሁ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ቀብዱን ከፍሎ ዕቃው ያልመጣለት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያም ያመልክት። ከአንድ ቀበሌ ብዙ ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከገንዘቡ ይብሳል፣ እሱን ሳልናገር አልተውም። ሻጮቹ ከሳጥኑ ጋር በሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ ይሰጣሉ፤ አንዱን ጫፍ ሳጥኑ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ ቤቱን ሁሉ አብሩ ይላሉ። መብራት በጠፋበት ሰዓት እንዲህ ካደረጋችሁ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪያችሁ በኩል ወደ መስመሩ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩም መልሶ ወደ ከፍተኛ ቮልት ያደርገዋል፤ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። መብራቱ ድንገት ሲመጣ ደግሞ ሳጥኑ ሊቃጠል ይችላል። አንዱ ጫፍ ተነቅሎ ሲንጠለጠል የሚታየው ሹል ብረት ባለ 220 ቮልት ነው፣ ልጆች በሚነኩት ከፍታ ላይ። ሳጥኑንና የቤቱን ዋና ማጥፊያ አጥፍታችሁ ያንን ገመድ ዛሬውኑ ከሁለቱም ጫፉ ንቀሉና በመቁረጫ ለሁለት ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ባትሪውንም ከመኝታ ቤት አውጡት፣ ሲሞላ የሚለቀው ጋዝ እሳት ይይዛል።