ኤትና ወይስ ፕሪዮራት? የተራራ ቀይ ወይን ለመግዛት ላሰበ

አንዱ ጠርሙስ ከሲሲሊ ነው፣ ከኤትና እሳተ ገሞራ ተዳፋት። ሌላው ከስፔን፣ ከካታሎንያዋ ፕሪዮራት። ሁለቱም የተራራ ወይን ናቸው። ሁለቱም ላይ “ኦርጋኒክ” የሚል ጽሑፍ ይታያል፣ ሁለቱም ዕድሜ ጠገብ ተክል አለን ይላሉ። ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ይቀራረባል። ብርጭቆ ውስጥ ግን አይገናኙም። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ለአብዛኛው የሐበሻ ገበታ እኔ ኤትናን እመርጣለሁ።

ልዩነቱ ከመልካቸው ይጀምራል። የኤትና ቀይ ሳሳ ያለ ነው። ብርጭቆውን አዘንብላችሁ ጣታችሁን ከኋላው ብታደርጉ ጣታችሁ በደንብ ይታያል። ቀለሙን አይቶ “ይሄማ ቀጭን ነው” የሚል አይጠፋም። ሲቀምሰው ሐሳቡን ይቀይራል። ኮምጠጥ ይላል፣ ታኒኑ (ከፍሬው ቆዳ የሚመጣው አፍ የሚያደርቅ ነገር) ድድ ይይዛል፣ ሽታው የቼሪና የደረቀ ቅጠል ነው፤ አንዳንዱም ጭስ ጭስ ይላል። ዋናው ዝርያ ኔሬሎ ማስካሌዜ ይባላል። “ኤትና ሮሶ” ተብሎ እንዲሸጥ ቢያንስ 80 በመቶው እሱ መሆን አለበት።

ፕሪዮራት ደግሞ ጠቆር ያለና ወፍራም ነው። የበሰለ ጥቁር እንጆሪ ይሸታል፣ አፍ ይሞላል፣ ጉሮሮ ያሞቃል። የሚሞቀው በምክንያት ነው፦ አልኮሉ ብዙ ጊዜ 14.5 በመቶ ነው፣ 15ን የሚያልፍም አለ። ኤትና አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ነው።

ይህች ትንሽ የምትመስል ልዩነት ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ትልቅ ትሆናለች። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል። ወፍራም ታኒንም እንዲሁ። ፕሪዮራትን ከቀይ ወጥ ጋር ብትጠጡት ወጡ ይበልጥ ያቃጥላችኋል፣ ወይኑም ጣዕሙ ይጠፋል። የኤትና ኮምጣጣነት ግን ቅቤውን ያቀለዋል፣ ቀጣዩን ጉርሻም ያስናፍቃል። ለክትፎም ቢሆን ሚጥሚጣው ካልበዛ የምመርጠው እሱን ነው። ፕሪዮራትን ለጥብስ፣ በተለይ በሮዝመሪ ለተጠበሰ የበግ ሥጋ አስቀምጡት። እዚያ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጣፈጥ ያለ ቀይ ወይን ለለመደ እንግዳ ሁለቱም ድራይ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌላቸው ናቸው።

አሁን ወደ ተክሉ እንሂድ፤ ገንዘባችሁ የሚሄደው እዚያ ነውና። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትበላ ነፍሳት የአውሮፓን ወይን ጠራርጋ አጠፋች። ከዚያ በኋላ አብዛኛው የአውሮፓ ወይን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተቀጥሎ የተተከለ ነው። ኤትና ላይ ግን አሸዋማው የእሳተ ገሞራ አፈር ለነፍሳቷ አልተመቻትም። ስለዚህ ዛሬም በራሳቸው ሥር የቆሙ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ተክሎች አሉ። ቴሬ ኔሬ የሚባለው አምራች ከእነዚህ ተክሎች ብቻ የሚሠራው ወይን አለው፤ ስሙንም “ፕሬፊሎክሴራ” ብሎታል። ተክሉ አልቤሬሎ በሚባለው ስልት ነው የሚያድገው። እያንዳንዱ ግንድ እንደ ቁጥቋጦ ለብቻው ይቆማል፣ በቼስትነት ዛፍ እንጨት ካስማ ይደገፋል። እርከኑ በጥቁር የላቫ ድንጋይ የተካበ ነው። ብዙው ቦታ ትራክተር አይገባም፤ የሚኮተኮተው በእጅ ነው። ዋጋው የሚወደደውም በዚህ ነው።

ፕሪዮራት ከፊሎክሴራ አላመለጠም። እዚያ “የድሮ ተክል” ሲባል ከዚያ ወዲህ የተተከለውን ነው። ቢሆንም ተክሎቹ የሚኖሩበት ቦታ ያስገርማል። አፈሩ ሊኮሬያ የሚባል፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስስ በስሱ የሚላጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሥሩ በስንጥቁ እየሾለከ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ፍሬው ጥቂት ነው፣ የጥቂቱ ጣዕም ግን ጠንካራ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የእስካላ ዴይ ገዳም መነኮሳት ወይን ያለሙበት አገር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወይን ሠሪዎቹ እነ ሬኔ ባርቢየርና አልቫሮ ፓላሲዮስ መጥተው ከዘነጋው ዓለም ጋር እንደገና አስተዋወቁት።

እዚህ ላይ የገዢ ብልሃት አለች። የፕሪዮራት ጠርሙስ ጀርባ ላይ የዝርያውን ስም ፈልጉ። ጋርናቻና ካሪኜና ከሆነ የድሮ ተክል የመሆን ዕድል አለው። ካበርኔ ሶቪኞንና ሲራ ከበዙበት ግን ባብዛኛው ከ1980ዎቹ ወዲህ የተተከለ ነው። መጥፎ ወይን ነው ማለቴ አይደለም። የዕድሜ ዋጋ አትክፈሉበት ነው የምለው። በኤትና በኩል ደግሞ የኮንትራዳ፣ ማለትም የማሳው ሰፈር ስም የተጻፈበትን ፈልጉ። ለቀይ ወይን ሰሜኑ ተዳፋት፣ እነ ራንዳጾና ካስቲልዮኔ ዲ ሲቺሊያ ያሉበት፣ ይሻላል።

ስለ “ኦርጋኒክ” ጥቂት ልበል። በከዋክብት የተሠራው አረንጓዴ ቅጠል የአውሮፓ ኅብረት ምልክት ነው። እሱ ካለ ቁጥጥር አለ ማለት ነው። ጨርሶ አይረጭም ማለት ግን አይደለም፤ መዳብና ድኝ ይፈቀዳሉ፤ የመዳቡ ጣሪያ በሰባት ዓመት ውስጥ በሄክታር 28 ኪሎ ነው። ለድራይ ቀይ ወይን የሰልፋይት (ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ነገር) ጣሪያው በሊትር 100 ሚሊግራም ሲሆን፣ ኦርጋኒክ ላልሆነው 150 ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይሄው ወይን “ከኦርጋኒክ ፍሬ የተሠራ” ተብሎ ብታገኙት አትደናገጡ። እዚያ “ኦርጋኒክ ወይን” ለመባል ሰልፋይት ጭራሽ አይጨመርም።

ፕሪዮራት ደረቅና ነፋሻ ስለሆነ ሻጋታ ብዙም አያስቸግርም። ያለ ኬሚካል ማልማት እዚያ ይቀላል። ኤትና፣ በተለይ ምሥራቁ፣ ዝናብ ይበዛበታል። ስለዚህ ምልክቱን ኤትና ላይ ሳየው የገበሬው ልፋት ይበልጥ ይታየኛል።

አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም መነሻቸው ከ25 እስከ 40 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ዋጋ የምታገኙት ባብዛኛው የወጣትና የድሮ ተክል ድብልቅ ነው፤ ከአንድ አሮጌ ማሳ ብቻ የተሠራው ከዚያ በላይ ይወጣል። ሌርሚታ የሚባለው የፓላሲዮስ ወይንማ ከሺህ ዶላር ያልፋል። ኤትናን ከመቅዳታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት። ፕሪዮራትን ደግሞ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ክፈቱት። ፕሪዮራትን ወዳችሁ ዋጋው አልቀመስ ካላችሁ፣ ዙሪያውን የከበበው የሞንትሳን አካባቢ ወይን በእነዚያው ጋርናቻና ካሪኜና ተሠርቶ ረከስ ብሎ ይሸጣል። መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።