የሄልሜት መነጋገሪያ በጎጃም መንገድ፦ ከመስከረም እስከ ክረምት

ከደብረ ማርቆስ እየተነሣ በሞተር ሳይክል ከቀበሌ ቀበሌ ለሚዞር የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሄልሜት ውስጥ የሚገጠም መነጋገሪያ ቅንጦት ይመስላል። እኔና በሌላ ሞተር አብራኝ የምትጓዘው የሥራ ባልደረባዬ ግን ካለፈው መስከረም ጀምሮ ስንጠቀምበት ቆይተናል፤ ዕቃው የበጋውን አቧራ ጨርሶ አሁን ክረምቱ ውስጥ ገብቷል። ጥንድ ሆኖ የሚሸጥ፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ የብሉቱዝ መሣሪያ ነው። ይኸው ዕቃ ቅርጹን ሳይለውጥ በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጥ ስሙን መጥቀሱ ለገዥ እምብዛም አይጠቅምም። እያንዳንዱ በሄልሜቱ ግራ ጎን የሚቆነጠጥ አንድ አካል፣ በጆሮ በኩል የሚለጠፉ ሁለት ክብ ስፒከሮችና አንድ ማይክ አለው። በመመሪያው ላይ የተጻፈው የመገናኛ ርቀት 1,000 ሜትር፣ የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃው ደግሞ አይፒ65 ነው።

መመሪያው ስለ ምቾት አንዲት ቃል የለውም፤ በእኔ ግምት ግን ዕቃው በየቀኑ መንገድ መውጣቱን ወይም መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ መቅረቱን የሚወስነው ከርቀቱም ከባትሪውም ይልቅ ምቾቱ ነው። ስፒከሩ ወርዱ 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሄልሜት ደግሞ ራስን አጥብቆ እንዲይዝ የሚሠራ በመሆኑ ለስፒከሩ ቦታ ካልተዘጋጀለት ጫናው በሙሉ ጆሮ ላይ ያርፋል። ሕመሙ ወዲያው አይታወቅም። መጀመሪያ አካባቢ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን አማኑኤል እስክንደርስ ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ደምበጫን ስናልፍ የጆሮዬ የላይኛው ጠርዝ ማቃጠል ይጀምራል፤ ፍኖተ ሰላም ስንገባ ሄልሜቱን ለማውለቅ ስል ብቻ ዓይኔ ሻይ ቤት ፍለጋ ይቅበዘበዛል። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ደግሞ ይብሳል፤ የመነጽሩ ዘንግ በስፒከሩና በራስ ቅሉ መካከል ስለሚጣበቅ ከጆሮ በላይ ያለው ቆዳ ተላልጦ ይውላል።

መፍትሔው የተገኘው ስፒከሩን ወደ ትክክለኛ ቦታው በማምጣት ነው። ባልደረባዬ ያመጣችው ዘዴ ቀላል ነው፦ የጆሮን ጠርዝ ጠመኔ ቀብቶ ሄልሜቱን ቀጥ አድርጎ ማጥለቅ፣ ከዚያም ጎንና ጎኑን በእጅ ከፈት አድርጎ ማውለቅ። በጥቁሩ የውስጥ ጨርቅ ላይ የጆሮው ቅርጽ በነጭ ታትሞ ይገኛል። ሲጠልቅና ሲወልቅ ትንሽ መዳመጡ አይቀርም፤ ቢሆንም የጆሮው ቀዳዳ የት ላይ እንደሚውል ለማወቅ በቂ ነው። በእኔ ሄልሜት ላይ ምልክቱ ሻጩ ስፒከሩን ለጥፎ ከሰጠኝ ቦታ በአንድ ጣት ስፋት ዝቅ ያለና ወደ ኋላ ያደላ ሆኖ ተገኘ። ስፒከሩን ወደዚያ ባዛወርሁት ጊዜ ማቃጠሉ የቀነሰ ከመሆኑም በላይ ድምጹ በቀጥታ ወደ ጆሮው ቀዳዳ ስለሚገባ ቀድሞ እስከ መጨረሻው ከፍ አደርገው የነበረውን ድምጽ በግማሽ ዝቅ አድርጌ በደንብ መስማት ጀመርሁ።

ይህም ሆኖ ቦታው ለሚጠበው ሰው ሌላ ፈተና አለ። ሄልሜት ከውስጥ ሁለት ዓይነት ንጣፍ አለው፤ አንዱ ተነቅሎ የሚታጠበው ለስላሳው ስፖንጅ ሲሆን ሁለተኛው ከሥሩ ያለው ነጭና ደረቅ ፎም ነው። በከተማችን ሞተር የሚጠግን አንድ ወጣት ነጩን ፎም በቢላዋ ጎድጎድ አድርጎ ስፒከሩን እንዲቀብርልኝ ጠይቆኝ ነበር፤ አልፈቀድሁለትም። ያ ፎም ራስ ከመሬት ጋር ሲጋጭ ተጨፍልቆ የግጭቱን ኃይል የሚውጠው ክፍል ነው፤ ከእሱ የተቆረጠ ሁሉ ከራስ መከላከያ ላይ የተቀነሰ ነው። ከለስላሳው ስፖንጅ በስተኋላ መቀነስ ግን ጉዳት የለውም፤ እኔም ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። አዲስ ሄልሜት ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ሥሪቶች ከፋብሪካቸው ለስፒከር የተዘጋጀ ጎድጓዳ ቦታ ይዘው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ኢሲኢ 22.06 የተባለው የሄልሜት ደህንነት መለኪያም ለሄልሜቱ የተፈቀዱ ተጨማሪ ዕቃዎች በተገጠሙበት ሁኔታ እንዲፈተን ይጠይቃል።

የባልደረባዬ ችግር ከእኔ የተለየ ነበር። ሹሩባ በምትሠራበት ሳምንት ከግራ ወደ ቀኝ ስፒከር በማጅራት በኩል የሚያልፈው ሽቦ በጉንጉኑና በሄልሜቱ መካከል እየተያዘ ራሷን ሲወጋት ይውላል። ሽቦውን ከስፖንጁ ሥር አሳልፋ ወደ ላይ፣ ወደ መሃል አናት በማዞሯ ተገላገለች። የእሷ ሄልሜት አገጭ የሌለው በመሆኑ ማይኩ በዘንግ ወደ አፍ የሚዘረጋው ዓይነት ነው፤ ንፋስ በቀጥታ ስለሚያገኘው በአስፋልት ላይ ፍጥነት ስንጨምር ከቃሏ ይልቅ ሹክሹክታና ግሳት ይደርሰኝ ነበር። የማይኩን የስፖንጅ ሽፋን በወፍራም ለውጣ ከከንፈሯ ጠርዝ ጋር እስኪነካካ ድረስ ስታስጠጋው ንግግሯ ጠራ። ሙሉ ፊት ለሚሸፍን ሄልሜት የሚሆነው በአገጩ ውስጥ የሚለጠፈው ትንሹ ማይክ ነው፤ ይህን ያላዩ ሰዎች ዘንግ ያለውን አስገድደው ሲያስገቡ አይቻለሁ።

ስለ ንፋስ ከተነሣ አይቀር የጆሮ ጤናም መነሣት አለበት። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመክረው የድምጽ ጣሪያ 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምጹ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በሄልሜት ውስጥ የሚያፏጨው ንፋስ በከፍተኛ ፍጥነት ይህን ጣሪያ ያልፋል፤ ንፋሱን ለመብለጥ ተብሎ ስፒከሩ ሲጮኽ ደግሞ ጉዳቱ በጉዳት ላይ ይደረባል። ስለዚህ ረጅም የአስፋልት ጉዞ ሲሆን ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ አደርጋለሁ፤ የሚገርመው መድፈኛው ንፋሱን ስለሚያበርደው የባልደረባዬ ንግግር ከቀድሞው ይበልጥ ለይቶ ይሰማኛል። ሙዚቃ ግን በመንገድ ላይ አልከፍትም። ከብት የሚነዳ ልጅ ጩኸትና ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ ጥሩንባ መሰማት አለባቸው።

ርቀቱን በተመለከተ 1,000 ሜትር የተባለው ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ በሚወስደው ሜዳ፣ እርስ በርስ እየተያየን እስከሄድን ድረስ እንኳ ግማሹን ብናገኝ ነው። ብሉቱዝ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ኮረብታ አያልፍም። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ አንዳችን ኩርባውን እንደዞርን ግንኙነቱ ይቆረጣል፤ ሲመለስም በራሱ የሚመለስበትና ቁልፉን መጫን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ሴናና ካርዶን የመሳሰሉት አምራቾች በውድ ዕቃዎቻቸው ላይ የሚያቀርቡት ሜሽ የተባለው አሠራር የተለየውን ሰው ራሱ ፈልጎ የሚያገናኝ ነው፤ አራትና አምስት ሆነው ለሚጓዙ ያዋጣል፤ ለሁለት ሰው ግን ያን ያህል ገንዘብ የሚያስወጣ ምክንያት አላየሁም። የእኛ ዕቃ ትልቁ ጥቅም የስልክ ኔትወርክ አለመፈለጉ ነው። ከሮብ ገበያ በላይ ወደ ጮቄ ስንወጣ ስልኬ ዝም ባለበት ቦታ «ጋሼ፣ ድልድዩ ላይ ጭቃ አለ፣ በቀኝ በኩል ይያዙ» የምትለኝ እሱው ላይ ነው።

ጮቄ ላይ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። የሊቲየም ባትሪ በብርድ አቅሙ ስለሚቀንስ ቀኑን ሙሉ ይቆይ የነበረው ባትሪ ከሰዓት በኋላ ቻርጅ መጠየቅ ይጀምራል። በበረሃው በኩል ደግሞ የስፒከሩ ጨርቅ ላብ ይጠጣና ጆሮን ያሳክካል፤ በየሳምንቱ ነቅሎ ማጠብ ግድ ነው። አይፒ65 ማለት አቧራ የማያስገባና በቱቦ የሚረጭ ውኃ የሚችል ማለት እንጂ ውኃ ውስጥ መነከርን አይችልም፤ ያም ቢሆን የሚሠራው የቻርጀሩ ቀዳዳ የጎማ ክዳን እስከተዘጋ ድረስ ነው። የእኔው ክዳን ከግንቦት ወዲህ ጫፉ ተቀዷል፤ ሰኔ ሲገባ ዝናብ ባለበት ቀን በፕላስቲክ ማሸግ ጀምሬያለሁ። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ከሞተሩ ባትሪ ላይ በዩኤስቢ ቻርጅ የማደርግበትን ገመድ አስገጥሜያለሁ፤ ይህ ወጪ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነው።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሄልሜቱን ይዞ ወደ ሱቅ ይሂድ፤ የስፒከሩን ውፍረት በጣቱ ይለካ፣ ከተቻለም አስገጥሞ ሻጩ ጋር ቡና እስኪጠጣ ድረስ አጥልቆት ይቀመጥ። መለዋወጫውንም አስቀድሞ ይጠይቅ። የገዛንበት ሱቅ መሣሪያውን በገፍ ቢሸጥም የጎማ ክዳንም ሆነ የስፒከር ጨርቅ ለብቻው የለውም፤ ጨርቁን ባልደረባዬ ከአሮጌ ሹራብ እጅጌ ሰፍታ ለሁለታችንም አዘጋጅታለች፤ ክዳኑን ግን እስካሁን አላገኘሁም።